ተሾመን ይዤ የዋልኩባት መርከብ

ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሳሎን መደርደሪያዬ ላይ ያሉትን የእንጨት መርከቦች ሲያይ አንድ ጥያቄ አለው። «ጋሽ ካሣ፣ ይሄን ሥራ እንዴት ጀመሩት?» ይለኛል። እኔም «ጡረታ ወጣሁ፣ ጊዜ ተረፈኝ፣ ጀመርኩ» እላለሁ። አጭር መልስ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ችግሩ እውነት አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያዋን መርከብ የጀመርኩት ጊዜ ተርፎኝ ሳይሆን የቅርብ ጓደኛዬን ለማታለል ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ ዛሬ ከሥሩ ልንገራችሁ።

የሠራሁት እዚህ አሜሪካ፣ ሲታክ በምትባል ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚዘጋጅበት ኪችን ውስጥ ነው። ትሪ መደርደር፣ ጋሪ መሙላት፣ ጋሪውን መኪና ላይ መጫን፣ እንደገና ትሪ መደርደር። በዚያ ሁሉ ዓመት የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ደውል ሳይጮህብኝ መተኛት። ጡረታ ስወጣ ደውሉ ቀረልኝ፣ እንቅልፉ ግን አልመጣም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እየነቃሁ ጣሪያ ማየት፣ ከዚያ ተነስቼ አስቴርን መከተል ሆነ ሥራዬ። አስቴር ባለቤቴ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ እግር እግሬን አትከተለኝ፤ ወይ ሥራ ፈልግ ወይ ተመልሰህ ተኛ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ተመልሶ የሚተኛ ሰው አይደለሁም።

ከኪችኑ ስሰናበት ሮዴል የሚባል ፊሊፒናዊ ባልደረባዬ አንድ ትልቅ ካርቶን ሰጥቶኝ ነበር። በላዩ ባለ ሁለት ምሰሶ የድሮ መርከብ ተስሎበታል። ሮዴል እረፍቱን ሁሉ እንዲህ ያሉ ትንንሽ መርከቦችን እየሠራ ነው የሚያሳልፈው። «ሥራ የለመደ እጅ ባዶ ሲሆን ባለቤቱን ያስቸግራል፤ ጀምረው» አለኝ። ቤት ወስጄ ስከፍተው የጣት ያህል እንኳ ውፍረት የሌላቸው የእንጨት ዘንጎች፣ የክር ጥቅል፣ አልጋ ልብስ የሚያህል ሥዕላዊ መመሪያ ነው ያገኘሁት። አስቴር አጎንብሳ አየችና «ማገዶ ነው እንዴ የሰጠህ?» አለች። ካርቶኑን ዘግቼ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ወረወርኩት፤ እዚያው ከረመ።

አሁን ተሾመን ላስተዋውቃችሁ። ተሾመ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ከእኔ ቀደም ብሎ ጡረታ የወጣ፣ በእኛው አፓርትመንት ግቢ ከፊት ለፊታችን ባለው ሕንፃ የሚኖር ጓደኛዬ ነው። ከሚስቱ ከተለያየ ቆይቷል፤ አንድ ልጁ ሰላም ዴንቨር ናት። ተሾመ ቁጭ ማለት የማይችል ሰው ነው። ካልተረበ ምግብ አይፈጭለትም። ደሴ ከተማ እታለም የምትባል ታላቅ እህት ነበረችው። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት። በየእሁዱ ይደውልላታል፤ ስልኩን ዘግቶ ሲወጣ ደስታው ፊቱ ላይ ስለሚታይ እሁድ እሁድ ከእሱ ጋር መጣላት አይቻልም ነበር።

በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አስቴር ስልክ ይዛ መኝታ ቤት በር ላይ ቆመች። አንድ እጇ አፏ ላይ ነበር። «እታለም አረፈች» አለችኝ። የደወሉት የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ በቀለ ነበሩ። ስልኩን ተቀበልኩ።

«ካሣ፣ ስማኝ» አሉ ጋሽ በቀለ። «ለሰላም ነግረናታል፤ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲታክ ትገባለች። እሷ ከደረሰች በኋላ ሰው ተሰብስቦ መርዶውን ይረዳል። እስከዚያ ተሾመ ካንተ ጋር ይዋል። ስልኩን ግን አደራ! የደሴ ልጆች ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ጀምረዋል።»

«እሺ፣ ግድ የለዎትም» አልኳቸው።

እሺ ማለት ቀላል ነው። ተሾመ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር ኖርዝጌት ድረስ ሄዶ ካርታ ሲጫወት ይውላል። እዚያ ያለው ሰው ግማሹ የወሎ ልጅ ነው። ከወጣ አለቀ፤ ባቡሩ ውስጥ ስልኩን ሲከፍት ብቻውን፣ በባዕድ ሰው መሐል፣ የእህቱን ፎቶ ከሻማ ጋር ሊያየው ነው። ምንም ቢሆን ይሄ እንደማይሆን ለራሴ ማልኩ። ግን አንድን ሰው፣ ያውም ተሾመን፣ ቀኑን ሙሉ በምን ምክንያት ቤቴ አስቀምጠዋለሁ? ቁጭ ብለን ኳስ እንይ ብለው የመጀመሪያው ጎል ሳይገባ ይነሳል። ዓይኔ ሲንከራተት ቁምሳጥኑ አናት ላይ ካለው ካርቶን ላይ አረፈ።

ደወልኩ። «ተሾመ፣ ና እስኪ አግዘኝ።»

«ምን ልታፈርስ ነው?»

«መርከብ ልሠራ ነው።»

«አስቴር አጠገብህ አለች? ስልኩን ስጣት» አለኝ።

ከመጣ በኋላም መተረቡን አላቆመም። ካርቶኑን ከፍቶ ዘንጎቹን እያነሳ እያሸተተ «ይሄ ለጥርስ መፋቂያ ይሆናል» ይላል። እኔ ግን ቆርጬ ተነስቻለሁ። መመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ ፊደሉ ጉንዳን ያህላል። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። «መብራቱ አይበቃም፤ ስልክህን አምጣ፣ ፍላሽላይቱን ላብራው» አልኩት።

«የራስህስ?»

«ቻርጅ ላይ ነው።»

ሰጠኝ። አብርቼ በግራ እጄ ያዝኩት፤ ዳግመኛም ወደ ኪሱ አልተመለሰም። ሐሳቤ ባትሪው እስኪያልቅ ማብራት ነበር። አስቴር ደግሞ ሳልነግራት ገብቷት በቤቱ ውስጥ ያለውን ቻርጀር ሁሉ ሰብስባ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከታዋለች። ይሄን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የመርከቡ አከርካሪ የሆነ ጠፍጣፋ እንጨት አለ፤ ከዚያ እንደ ጎድን አጥንት የተቀረጹ ክፍሎች በየተራ ይሰኩበታል። አጥንቱ ሲቆም ስስ ጣውላዎችን በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፉ፣ እያጎበጡ፣ በኮላ ከጎድኖቹ ላይ መለበድ ነው። ሮዴል በኋላ እንደነገረኝ አጥንቱ ኮላው እስኪጠብቅ አንድ ቀን ሊያድር ይገባው ነበር። እኛ ግን ምን እናውቃለን፤ ባንድ ቀን ባሕር ላይ ልናወርዳት ነው የተነሳነው።

ሦስተኛውን ጎድን ስሰካ ስልኩ እጄ ላይ ነዘረ። ስክሪኑ «ዘውዱ ዳላስ» ይላል፤ ወሬው ዳላስ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። ኮላ በነካው አውራ ጣቴ ቀዩን ተጫንኩት።

«ማነው?» አለ ተሾመ።

«ስፓም ነው፤ ማስታወቂያ።»

«እነዚህ ሰዎች ቅዳሜም አያርፉ?» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ልቤ ግን ለረጅም ጊዜ አልተመለሰችም። ሌላ ተደወለ፣ ያንንም ዘጋሁት። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረና ስልኩ ሞተ። በሕይወቴ የስልክ ባትሪ ሲያልቅ እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት። ጎድኖቹ አንድ በአንድ ሲቆሙ ከዚያ ማገዶ መሐል የሆነ ቅርጽ መውጣት ጀመረ። ተሾመ መመሪያውን ገልብጦ ይዞ «የፊቱ ይሄ ነው» ይላል፣ እኔ «ያ ኋላው ነው» እላለሁ፤ ተጨቃጨቅን፣ ኮላ ተቀባባን፣ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ የማውቀውን አስታወስኩ። እህቱ በሞተችበት ቀን እያጫወትኩት ነው። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ቀትር ላይ ተሾመ ወገቡን ሊያፍታታ ተነስቶ በመስኮቱ ወደ ታች አየ። «የጋሽ በቀለ መኪና አይደለችም እንዴ? ያቺስ የእነ ዘነበች... ምን ነገር አለ?»

አስቴር ከኪችን «ሰው ክርስትና ደግሷል መሰለኝ» አለች።

የባሰ መጣ! ተሾመ ተቆጣ። «በዚህ ግቢ ክርስትና ተደግሶ እኔ ሳልጠራ? ማነው እሱ? ቆይ ወርጄ ልጠይቃቸው» ብሎ ወደ በሩ አመራ።

«ተሾመ!» ብዬ ጮህኩ። «ይሄ ሊሰበር ነው፣ ያዝልኝ!» ምንም የሚሰበር ነገር አልነበረም። ግን ሮጦ መጥቶ አከርካሪውን ያዘ። «አጥብቀህ ያዝ፣ ከለቀቅህ ሁሉም ይፈርሳል» አልኩት። አስቴር በዚህ መሐል ወርዳ ሰዎቹ መኪናቸውን ከሕንፃው ጀርባ ፓርክ እንዲያደርጉ ነገረቻቸው። አንደኛዋ ሴትዮ ጥቁር ነጠላዋን ጭምር አጣፍታ ነበር አሉ፤ አስቴር እዚያው አስወለቀቻት።

ምሳ ቀረበ። አስቴር ሳህኑን ስታስቀምጥ ዓይኗ ቀልቷል።

«አስቴር፣ አለቀስሽ?» አላት ተሾመ።

«ሽንኩርት ነው ጋሼ። ይብሉ እንጂ፣ አልበሉም» አለችና ቶሎ ዞረች።

ተሾመ ጥቂት ጎርሶ እጁን ሰበሰበ። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን አጥንታም መርከብ እያየ ድንገት ሌላ ወሬ ጀመረ። «ካሣ፣ የወንድሜን የደምሴን መርዶ እንዴት እንደሰማሁ ነግሬህ አውቃለሁ?»

እጄ ላይ የነበረው ጉርሻ ተመልሶ ሳህኑ ላይ ወደቀ። «አልነገርከኝም» አልኩት።

«አትላንታ እያለሁ ነው። አንድ ማታ ጓደኞቼ ኮል አድርገው ክትፎ እንብላ አሉኝ። ሄድን። ሰው ሁሉ ልዩ ሆነብኝ፤ የምቀልደው ቀልድ ሁሉ ያስቃቸዋል። እኔም ሲስቁልኝ ጊዜ ባሰብኝ፣ ቆሜ ሁሉ አወራሁ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኩ። ለካ ደምሴ ካረፈ ቆይቷል። እኔ ክትፎ ቤት ቆሜ ስተርብ እሱ አፈር ለብሶ ነበር። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ለእኔ ብለው ነው። ግን ያን ማታ የሳቅሁትን ሳቅ እስከ ዛሬ ከራሴ ላይ ማውረድ አልቻልኩም። ስለዚህ አሁን ሰው አብዝቶ ሲስቅልኝ እጠረጥራለሁ። አንተን ለምን ጓደኛ ያደረግሁህ ይመስልሃል? አንድ ቀን በቀልዴ ስቀህ ስለማታውቅ ነው።»

ያን ጊዜ የእኔ ስልክ መኝታ ቤት ጮኸ። ይቅርታ ብዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ጋሽ በቀለ ነበሩ።

«ዴንቨር ዶፍ እየጣለ ነው አሉ። የሰላም በረራ ካንስል ሆነ። የሚቀጥለው ነገ ጠዋት ነው። ስለዚህ ነገ እሷ ስትገባ ይነገረዋል። ዛሬ ካንተ ጋር ይደር።»

«ቀብሩስ ጋሽ በቀለ?»

«ቀብሩ ነገ እዚያ በስድስት ሰዓት ነው። በእኛ ሌሊት መሆኑ ነው።»

«ታዲያ ሳያውቅ ሊቀብሯት ነው?»

«ቢያውቅስ ምን ያደርጋል? ክንፍ አውጥቶ አይበር» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካሣ፣ እኔ የማይገባኝ መስሎህ ነው? ሰውየው ደም ግፊት አለበት። ዘመድ አጠገቡ ሳይኖር ሰምቶ አንድ ነገር ቢሆን ለልጁ ምን እንላታለን? የአባቶቻችን ሥርዓት ዝም ብሎ አልመጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አደራህን ጠብቅ።»

እውነታቸውን ነው። ይሄ ነው የከበደኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ጋሽ በቀለ ግን የዚህን ከተማ ሐበሻ ግማሹን ያጽናኑ፣ በለቅሶ ቤት ወንበር ተሸክመው የሚያድሩ ሰው ናቸው። እሺም እንቢም ሳልል ዘጋሁት።

አስቴር ቀስ ብላ ገብታ ፊቴን አየችው። «ልትነግረው ነው» አለች።

«ዛሬ ካልነገርኩት እኔም ክትፎ ቤት ከወሰዱት ሰዎች አንዱ ነኝ።»

«የነገርከው እንደሆነ እድሩ ውስጥ ሰው ቀና ብሎ አያናግረንም። ጋሽ በቀለን ታውቃቸዋለህ።»

«አውቃቸዋለሁ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተን ከዚህ ሐሳብ ማን ያስለቅቅሃል?» አለች። በሩን ልትከፍት ስትል ዞራ «መጀመሪያ መድኃኒቱን መውሰዱን ጠይቀው» አለችኝ።

ስመለስ ተሾመ ሥራ ቀጥሎ ጠበቀኝ። ጣውላ እየዘፈዘፈ ነበር። ጣውላዎቹ ኮላው እስኪይዝ የሚጨብጣቸው ነገር ይፈልጋሉ፤ እኛ የአስቴርን የልብስ መቆንጠጫዎች ስንጠቀም ነው የዋልነው። አሁን መቆንጠጫው አልቋል፤ የቀረው ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ነበር። መርከቧ ወደ ፊት እየጠበበች የምትታጠፍበት ቦታ ላይ የሚለበደው ጣውላ ልክ እንደ እልኸኛ ልጅ ተመልሶ ይቃናል።

«በእጃችን እንይዘዋለን፤ ሌላ መላ የለም» አለ ተሾመ።

ተያይዘን ያዝነው። እሱ በጫፉ፣ እኔ በመሐሉ፣ አራት እጅ በአንዲት ስስ እንጨት ላይ። ጉልበታችን ተነካክቷል። ፊቱ ከፊቴ ሩቅ አልነበረም።

«እስከ መቼ ነው የምንይዘው?» አለ።

«ኮላው እስኪጠብቅ። ተሾመ፣ ዛሬ መድኃኒትህን ወስደሃል?»

«ጠዋት ውጫለሁ። ምነው?»

አሁን ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም ብዬ አሰብኩ። «ተሾመ።»

«አቤት።»

«እታለም አርፋለች። ዛሬ ጠዋት ነው የሰማነው።»

ዓይኑን ከጣውላው ላይ አላነሳም። ከለቀቀ ጣውላውን ትቼ እሱን እይዘዋለሁ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን አልለቀቀም።

«ሰላም ሰምታለች?»

«ሰምታለች። ዛሬ ልትደርስ ነበር፤ በረራዋ ተሰረዘ። ነገ ጠዋት ትገባለች።»

«ቀብሩስ?» ይሄን ሲጠይቅ ድምፁ የሕፃን ድምፅ ነበር።

«አልተቀበረችም። ነገ ስድስት ሰዓት ነው እዚያ።»

«አልተቀበረችም?»

«አልተቀበረችም ተሾመ። እየማልኩልህ ነው።»

ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በጉንጩ ወርዶ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ። «ልቀቀው፣ እኔ ይዤዋለሁ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ይድረቅ» አለ። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ጣውላ ይዘን እናለቅሳለን፣ ፊታችንን የምንጠርግበት እጅ የለንም። አስቴር መጣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳበችና የተሾመን ፊት በጫፉ ጠረገችው። ከዚያ የእኔን። ከዚያ እንደገና የእሱን። እስከ ዛሬ የጠረገችኝ ጊዜ ሁሉ ተደምሮ የዚያን ቀኑን አያህልም።

ኮላው ሲይዝ ተሾመ እጁን ቀስ ብሎ አነሳ። ቆመ። «እታለምዬ!» አለ፤ ያን ጊዜ ቤቱ ተናወጠ። ከሕንፃው ጀርባ የነበሩት ሰዎች ድምፁን ሰምተው ደረጃውን እየሮጡ ወጡ። ቤቱ በአንድ አፍታ ሞላ፣ ጥቁር ነጠላው ተመልሶ ተጣፋ፣ ለቅሶው ተጀመረ። ጋሽ በቀለ መጨረሻ ገቡ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ።

«ምን አደረግህ አንተ ሰው? አደራ ብዬህ!»

መልስ ነበረኝ፤ ከአፌ ሳይወጣ ተሾመ ከሰው መሐል ተናገረ። «ጋሽ በቀለ፣ እሱን ነገ ይቆጡታል። ዛሬ እህቴን ልሸኝበት። ስልኬን ስጡኝ።»

ቻርጀር ተፈለገ። አስቴር ወደ ማጠቢያ ማሽኑ ሄደች።

ደሴ ተደወለ። እዚያ ያሉት እናቴ ይላሉ፣ እሱ እህቴ ይላል፤ ምን እንደተባባሉ አልነግራችሁም፣ የእነሱ ነው። የእህቱን ልጅ ግን ሲለምነው ሰምቻለሁ፤ ነገ ስልኩን ክፍት አድርጎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንዲይዝለት። እንደዚያም ሆነ። ተሾመ እህቱን ፍትሐቱን እየሰማ፣ ከእኛ ጋር ቆሞ፣ ሸኛት። ጠዋት ሰላም ስትደርስ አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ነው የተቀበላት። «ዳድ፣ ዩ ኖው?» አለችው ፈርታ። «አውቃለሁ የእኔ ልጅ። ቀበርናት። ግቢ» አላት። እሷ ነበረች የምታጽናናው ተብሎ የታሰበው፤ እሱ አቅፎ አጽናናት።

እንግዲህ የሆነው ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ መጣው ደግሞ ጥቂት ልበላችሁ።

ጋሽ በቀለ ለረጅም ጊዜ ሰላምታዬን በአገጫቸው ነበር የሚመልሱት። ተሾመ አርባዋን ካወጣ በኋላ አንድ ቀን ሳይጠራ መጣና «ያቺ ነገር የት አለች?» አለኝ። ከቁምሳጥኑ አናት አውርደን ቀጠልን። ሮዴል ሊያያት መጥቶ እስኪያንቀው ሳቀ፤ ከሥር መጀመር ሳይገባን ከሥር ጀምረን፣ በአንድ ጎኗ ከሌላው የበዛ ጣውላ ለብደን፣ ወደ ግራ የምታዘነብል መርከብ ሠርተናል። «ሌላ ጀምሩ፣ ይቺ አትድንም» አለን። እኛ ግን ጨረስናት። ሁለተኛዋንም ጀመርን። እኔ በልጅነቴ ግትር ይሉኝ ነበር፤ እስከ ጡረታዬ ድረስ ግትርነቴን የት ማዋል እንደሚገባኝ አላወቅሁም ነበር እንጂ።

አንድ ሐሳብ ግን አልለቀቀኝም። በእድሩ ስብሰባ ላይ እጄን አነሳሁ። «እያንዳንዳችን ገና በደህናው ጊዜ፣ መርዶ ቢመጣብን እንዴት እንዲነገረን እንደምንፈልግ ለአንድ ለምናምነው ሰው እንናገር። ወዲያው ይሁን፣ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ ይሁን፣ እንደየሰዉ። ተሾመ የሚሻለውን ያወቅሁት በአጋጣሚ ምሳ ላይ ነው። ባያወራልኝ ኖሮ ዕድሜ ልኩን ሌላ ቁስል እንጨምርበት ነበር» አልኩ። አዳራሹ ተንጫጫ። አንዲት እናት «ሞትን ምን ብለን እንጠራለን?» አሉ። ጋሽ በቀለ «ይሄ የአሜሪካ ነገር ነው» ብለው ወደ ሌላ አጀንዳ አለፉ። ሐሳቤ ወደቀ፤ ቁጭ አልኩ።

ስብሰባው አልቆ ፓርኪንግ ላይ መኪናዬን ስከፍት ግን አንዱ ትከሻዬን ነካኝ። «ካሣ፣ እኔ እናቴ ጎንደር አሉ። ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሱኝ» አለኝ። ሌላዋ ተከተለች። «እኔ ግን አልችልም፤ ሰው ሳይሰበሰብ እንዳትነግሩኝ።» እንዲህ እንዲህ እያሉ ቆሜ ቀረሁ። መጨረሻ ላይ ጋሽ በቀለ ቁልፋቸውን እያሽከረከሩ መጡ። አላዩኝም፤ መኪኖቹን ነበር የሚያዩት። «እኔን ልጆቼ አጠገቤ ሳይኖሩ እንዳትነግረኝ» አሉ። ሄዱ።

እናንተስ ለማን ተናግራችኋል? ይሄን የምጠይቃችሁ የአባቶቻችሁን ሥርዓት ተዉ ለማለት አይደለም። ጋሽ በቀለ ልክ ናቸው፤ ያ ሥርዓት የወጣው ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን እንዳይሰማ ነው፤ እኔም ያን ቀን ባቡሩን የፈራሁት ለዚሁ ነው። ግን የምትወዱት ሰው ዝምታ ይሻለው እንደሆነ ወይስ እውነቱ፣ ጠይቃችሁት ካላወቃችሁ ትገምታላችሁ፤ ግምት ደግሞ በሰው እህት ላይ አይደረግም።

በዚያው ሰሞን ሁለተኛዋን መርከብ እየፋቅን ሳለ ተሾመ ድንገት ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠ። «ለሰው ሁሉ ትሰብካለህ፤ አንተስ? ታላቅ ወንድምህ ፍቼ አልጋ ይዘዋል። አንድ ቀን ጋሽ በቀለ ለእኔ ቢደውሉ ምን ላድርግ?»

ወንድሜን አሰብኩት። መልሱ ያን ያህል ከባድ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

«ወዲያው ንገረኝ» አልኩት በመጨረሻ። «በስልክ ግን አይሁን። ተሻግረህ ና።»

ተሾመ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይተርብ አየኝ። «ጫማም ሳላደርግ እመጣለሁ» አለ።